ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ከየት ነው?

ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ አዘጋጆች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በተሁለደሬ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረውም ሐይቅ ከተማ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በጨረታ የገዛሁት አሮጌ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ሞተር ብስክሌት አለኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማታ ሳቆመው ቤንዚንን ከአየር ከሚቀላቅለው ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ የነዳጅ ሩቢኔቶውን ዘግቼ ባሳድረውም ጠብታው ይቀንሳል እንጂ ጠዋትም አልቆመ። ለማስነሳት አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እረግጣለሁ፤ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ናሙና ለማድረስ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሄጄ ስመለስ ደግሞ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣው እየታፈነ ነው። ሁለት ጋራዥ አሳይቼዋለሁ። አንደኛው የካርቡሬተሩን መርፌ ቀየረልኝ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ፈጽሞ ተሽሎት ነበር፣ ከዚያ እንደ በፊቱ መፍሰስ ጀመረ። ሁለተኛው "ካርቡሬተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ" አለኝ። ሞተሩን የማሳድረው እናቴ ቡና ከምታፈላበት በረንዳ አጠገብ ስለሆነ በቤንዚኑ ሽታ እጅግ ትጨነቃለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እናትዎ ልናገር፤ ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሄዳል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ስለሚሰጥ የሐይቅ ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑ አያድንም። በወሎ ቤት ደግሞ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪጠጣ ፍሙ ለረጅም ጊዜ ቀይ ሆኖ ይቆያል። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ካርቡሬተር በ12 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ ያፈስሳልና፣ ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ሞተሩ ከቤትና ከምድጃ ርቆ፣ አየር በሚነፍስበት ገላጣ ቦታ ይደር። ከዚህ በታች የምነግርዎትንም ሥራ በቀን ብርሃን፣ በደጅ ያድርጉት፤ በሻማም ሆነ በኩራዝ አጠገቡ እንዳይጠጉ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ሁለቱም ጋራዦች ቤንዚን መፍሰሱን አይተዋል፤ ከየት እንደሚፈስና ለምን እንደሚፈስ ግን የፈተሸ አልነበረም። በአሮጌ ሞተር ላይ የሚባክነው ገንዘብ አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚባክነው፦ ምንጩ ሳይታወቅ ዕቃ ይቀየራል፣ ዕቃው አልሠራ ሲል ጥፋቱ በካርቡሬተሩ እርጅና ይሳበባል። የእርስዎ ደብዳቤ ግን በራሱ ብዙ ነገር ይናገራል፤ አንድ ብሎን ሳይፈታ እንኳ ሁለት ነገሮችን ከእርሱ ማንበብ ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ አዲሱ መርፌ ለሳምንት ያህል በትክክል መዝጋቱ ነው። መርፌ በአንድ ሳምንት አይበላም። ለሳምንት ዘግቶ እንደገና ማፍሰስ ከጀመረ በመርፌውና በመቀመጫው መካከል ቆሻሻ ገብቷል ማለት ነው፤ ቆሻሻው ደግሞ ከላይ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ማለትም ከሰልባትዮው ነው የሚወርደው። ስለዚህ መርፌው ሲቀየር ሰልባትዮው ታይቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፉልን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው፣ ሩቢኔቶው ተዘግቶም ጠብታው እስከ ጠዋት መቀጠሉ ነው። በካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ገንዳ የምትይዘው ከአንድ የቡና ሲኒ እምብዛም የማይበልጥ ቤንዚን ነው፤ ሩቢኔቶው በእርግጥ የሚዘጋ ቢሆን ያ ካለቀ በኋላ ጠብታው ይቆም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከቀጠለ ሩቢኔቶውም ያሳልፋል ማለት ነው። እንግዲህ ያለብዎት አንድ ሳይሆን ሁለት ችግር ነው፤ አንዱን ብቻ የጠገነ ሰው ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለምን እንደሚፈስ ለመረዳት በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ሮቶ ያስቡ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ወደ ላይ ይወጣና መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይወርድና ይከፍታል። በካርቡሬተሩ ገንዳ ውስጥም ሥራው ያው ነው፦ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል በላዩ ያለችውን ትንሽ መርፌ ወደ መቀመጫዋ ይገፋታል፣ ቤንዚኑም ይቆማል። ዋናው ነገር ቤንዚኑ በገንዳው ውስጥ የሚቆምበት ከፍታ ነው፤ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ካለ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ እየጠጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ከዚያም ካለፈ በትርፍ ማስወገጃው ቧንቧ ወደ ውጭ፣ ቧንቧው ከተደፈነ ደግሞ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይፈስሳል። የእርስዎ ሞተር መፍሰሱም፣ መታፈኑም፣ ጠዋት አለመነሳቱም ከአንድ ምንጭ የሚመጡት ለዚህ ነው።

ከመፈተሽዎ በፊት ግን አንድ ነገር የግድ ነው፤ እስኪያዩት ድረስም ሞተሩን አያስነሱት። የሞተሩን ዘይት ይመልከቱ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ በቆመበት የዘይት መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉት፣ ሳይጠመዝዙት አስገብተው ያውጡት፣ ከዚያ ያሽትቱት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ፣ እንደ ውሃ ከቀጠነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሌሊት የፈሰሰው ቤንዚን በመሳቢያው ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ገብቶ በፒስተኑ ጎን ወደ ዘይቱ ወርዷል። እንዲህ ያለ ዘይት ብረትን ከብረት መለየት አይችልም፤ በእርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ሞተሩን ሊያስበላ ይችላል። ኤክስ ኤል 125 የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ ዘይቱን መቀየር ከሚያድነው ነገር አንጻር ምንም አይደለም፤ ነገር ግን የሚቀየረው ፍሳሹ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ አዲሱም ያው ይሆናል። መርገጫው እምቢ ብሎ መሐል ላይ ከቆመብዎ በጉልበት አይርገጡት። ሲሊንደሩ ቤንዚን ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ካንዴላውን ይፍቱ፣ ቁልፉን ያጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው አርቀው ይያዙትና ቀስ ብለው በመርገጥ ያስወጡት።

አሁን ምንጩን እንፈልግ። ሰልባትዮውን፣ ሩቢኔቶውን፣ የጎማ ቱቦውንና ካርቡሬተሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው እስኪደርቁ ይጠብቁ። የጠመኔ ዱቄት በጨርቅ ላይ አድርገው በየመገጣጠሚያው በስሱ ይነስንሱ። ከዚያ ሩቢኔቶውን ከፍተው ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ ቤንዚን ዱቄቱን ሲነካው መንገዱ ጠቁሮ ይታያል። ቤንዚን ሁልጊዜ ቁልቁል ስለሚሄድ ታች ያለው ጠብታ አያታልልዎ፤ የሚፈለገው ከሁሉ በላይ የረጠበው ቦታ ነው። ከሩቢኔቶው ጀምሮ የሚወርድ ቤንዚን ቱቦውን ተከትሎ ካርቡሬተሩ ሥር ሲንጠባጠብ ካርቡሬተሩ ሲወቀስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀጥሎ ሩቢኔቶውን ብቻውን ይፈትኑ፦ ይዝጉት፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅለው ጫፉን በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይክተቱ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። አንዲት ጠብታ እንኳ ከወረደች በውስጡ ያለው ጎማ ደርቋል ወይም ተሰንጥቋል ማለት ነው። በእርስዎ ሞተር ይህ እንደሚሆን ከወዲሁ እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ክንድ የምታክል ውስጧ የምታሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ስትሆን፣ ለግሉኮስ መስጫ የሚያገለግለው ዓይነት ይበቃል፤ እርስዎ በሙያዎ አያጡትም። ቱቦዋን በገንዳው ሥር ካለችው የማፍሰሻ ጫፍ ላይ ይሰኩና ሌላውን ጫፍ ከካርቡሬተሩ ጎን ሽቅብ አቁመው ይያዙ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሩቢኔቶው ይከፈት፣ የማፍሰሻውን ብሎን ጥቂት ያላሉ። ቤንዚኑ በቱቦዋ ውስጥ ይወጣና በገንዳው ውስጥ ካለው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ይህም ካርቡሬተሩን ሳይፈቱ ውስጡን በዓይን እንደ ማየት ነው። ገንዳው ከካርቡሬተሩ አካል ጋር ከሚገጥምበት መስመር ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ መርፌውም ተንሳፋፊውም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ከመስመሩ አልፎ ያለማቋረጥ ከወጣ መርፌው አይዘጋም። ከመስመሩ ከፍ ብሎ ግን በአንድ ቦታ ጸንቶ ከቆመ መርፌው ይዘጋል፣ የሚዘጋው ግን ዘግይቶ ነው፤ ጥፋቱም የተንሳፋፊው ልክ ነው።

ይህን ፈተና በዚህ ያህል አጥብቄ የምናገረው ራሴ ደሴ ውስጥ ስሠራ ያስተማረኝ አንድ ሞተር ስላለ ነው። ከደላንታ የመጣ የአንድ መምህር ሞተር ነበር፤ ከእኔ በፊት ሦስት ጊዜ መርፌ ተቀይሮለታል፣ እኔም ያለማመንታት አራተኛውን ቀየርሁለት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ነው ካንዴላውን ያየሁት፤ እንደ ተቆላ ቡና ጥርት ያለ ቡናማ እንጂ ጥቀርሻ የለበትም። ነዳጅ ሞልቶ የሚፈስበት ሞተር ካንዴላው እንዲህ ሊሆን አይችልም። በቱቦ ስለካው የቤንዚኑ ከፍታ ልክ ነው፤ ቱቦውን ስለቀው ግን ይንጠባጠባል። ገንዳውን ፈትቼ ነጭ ጋዝ አደረግሁበት፤ በመሐሉ የቆመችውን ቀጭን የነሐስ ቧንቧ አናቷን በጣቴ ደፍኜ ከሥር በጎማ ስነፋ ከቧንቧዋ ወገብ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠኑ አረፋዎች ተሰልፈው ወጡ። ከላይ እስከ ታች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረባት። ትርፉን ብቻ እንድታስወግድ የተሠራችው ቧንቧ ትርፍ ያልሆነውን ታፈስስ ነበር፤ አራቱም መርፌዎች ደኅና ነበሩ። ስንጥቋ በቆርቆሮ ብየዳ ተዘጋችና ሞተሩ ወደ ወገል ጤና ተመለሰ። የዚያን መምህር ገንዘብ ያባከንሁት ካንዴላ ለመፍታት የሚበቃ ደቂቃ ባለመስጠቴ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእርስዎ ሞተር ጥቁር ጭስ ስላለው ከዚያ ተቃራኒ ነው፤ ከፍታው ሞልቶ እንደሚያገኙት እጠብቃለሁ። ሞልቶ ካገኙት በቅድሚያ ገንዳውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉ። ፍሳሹ ወዲያው ከቆመ ተጣብቆ ወይም ቆሻሻ ይዞ የነበረ መርፌ ነው፤ ጥሩ ምልክት ቢሆንም ጥገና አይደለም። ካርቡሬተሩን ሲፈቱ መርፌዋን በአጉሊ መነጽር፣ ከሌለም በጥፍርዎ ይመርምሩ፦ በሾጣጣው ጫፍ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ጥፍርን ከያዘ ተበልታለች። መቀመጫዋንም በጥጥና በነጭ ጋዝ አጽድተው ያብለጭልጭ እንደሆነ ይዩት፤ መርፌ ተቀይሮ የተበላ መቀመጫ ከተተወ ሥራው ግማሽ ነው። ከዚያ ካርቡሬተሩን ገልብጠው ተንሳፋፊው በራሱ ክብደት መርፌዋን እንዲጫናት ያድርጉና በንጹሕ ጎማ በነዳጅ መግቢያው በቀስታ ይንፉ፤ አየር ማለፍ የለበትም። ቀና ሲያደርጉት ሊያልፍ ይገባል።

ተንሳፋፊው የነሐስ ከሆነ ጆሮዎ አጠገብ ይዘው ይወዝውዙት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ቀዳዳ አለው፤ ቤንዚን ጠጥቶ ስለከበደ አይንሳፈፍም፣ ስለማይንሳፈፍም አይዘጋም። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማየት እሳት በሌለበት ቦታ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይድፈቁት፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ በቀዳዳው አረፋ ያወጣል። የተንሳፋፊው ልክ የሚስተካከለው መርፌዋን በምትጫነው ትንሽ ምላስ ነው፤ ወደ መርፌዋ በኩል በጥቂቱ ሲታጠፍ ቶሎ ይዘጋል፣ ከፍታውም ይወርዳል። በጣም በጥቂቱ እጥፍ አድርገው እንደገና በቱቦዋ ይለኩ። ልኩ እንደ ካርቡሬተሩ ዓይነት ስለሚለያይ የሌላ ሞተር ቁጥር አይዋሱ።

ሰልባትዮው ሳይጸዳ ግን ይህ ሁሉ እንደገና አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው። ቤንዚኑን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ያውጡና በሃይላንድ ያሳድሩት፤ ጠዋት ከሥር ውሃና ቀይ ዝገት ተለይቶ ዘቅጦ ያገኙታል። ሰልባትዮው ውስጥ ደቃቅ ጠጠርና ነጭ ጋዝ ጨምረው በደንብ ይወዝውዙ፣ ዝገት መስጠት እስኪያቆም ደጋግመው ያለቅልቁ። በሩቢኔቶው ጫፍ ላይ ሰልባትዮው ውስጥ የምትቆመው ወንፊት ተቀድዳ እንደሆነም ያያሉ፤ የሩቢኔቶውን ጎማ ሲቀይሩ አብራ ትቀየር። በሩቢኔቶውና በካርቡሬተሩ መካከል የምትገባ ትንሽ የነዳጅ ማጣሪያ ዋጋዋ አነስተኛ ነው፤ በአሮጌ ሰልባትዮ ላይ እርሷን ሳልጨምር ሞተር አስረክቤ አላውቅም።

አንዳንዶች ከካርቡሬተሩ ሥር የሚወርደውን የትርፍ ማስወገጃ ጎማ "ያንጠባጥባል" ብለው በብሎን ይደፍኑታል፤ በክረምት ጭቃም ራሱ ይደፈናል። ይህ አደገኛ ነው። ጠብታውን ያቆመ ይመስላል፣ ቤንዚኑ ግን መውጫ ሲያጣ ወደ ሲሊንደሩ ይዞራል፤ ዘይቱን የሚያበላሸው በአብዛኛው ይህ ነው። የእርስዎን ጎማ ጫፍ እባክዎ ዛሬውኑ ይመልከቱት።

ሐረጎ ላይ ስለ መታፈኑ ደግሞ ከፊሉ የቦታው ጠባይ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 11 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ይህም በባሕር ጠለል 9 ኩብ ሜትር ገደማ ሲሆን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት ደሴ ወደ 12 ኩብ ሜትር ይደርሳል፣ አየሩ ስስ ነውና። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቤንዚኑን እምብዛም ሳይቀንስ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ደኅና ካርቡሬተር በዚህ ጥቂት ጉልበት ብቻ ያጣል፤ ቀድሞውኑ የሞላ ካርቡሬተር ግን ይታፈናል። ስለዚህ በገንዳው ውስጥ የቤንዚኑ ከፍታ ተስተካክሎ፣ የአየር ማጣሪያው ከአቧራ ጸድቶ፣ ዘይቱም ተቀይሮ በሐረጎ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ያኔም ካንዴላው ከጠቆረ ዋናውን የነሐስ ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን፣ አውጥተው በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ይዩ። ኬሂን በተባለው የጃፓን ኩባንያ በተሠሩ ብዙ ካርቡሬተሮች ቁጥሩ የቀዳዳውን ወርድ (ዲያሜትር) በመቶኛ ሚሊሜትር የሚያመለክት ሲሆን፣ አንድ ሰው 0.98 ሚሊሜትር የሆነውን ቀዳዳ በሽቦ እየጎረጎረ ወደ 1.03 ካሰፋው ቤንዚኑ የሚያልፍበት የቀዳዳው ጠቅላላ ስፋት በመቶኛ 10 ገደማ ጨምሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይመልሰውም። ጄት በአየር ይነፋል እንጂ በብረት ሽቦ አይጎረጎርም።

ስለ አዲሱ ካርቡሬተር፣ አይግዙ። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ቅጂዎች የጄት ልካቸው ለሌላ ሞተር የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ነባሩ የጃፓን ካርቡሬተር ጋዝ ሲሰጥ የሚንቀሳቀሰው መዝጊያ በአካሉ ውስጥ ካልላላ በቀር ገና ዓመታት ያገለግልዎታል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የምማር ወጣት ነኝ። የካርቡሬተር ገንዳ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ስናጣ ከካላማዳሪያ ቆርጠን እንሠራለን፤ አንዳንዴም ሲሊከን እንቀባለን። ደንበኞች ግን ከጥቂት ቀን በኋላ እየፈሰሰ ይመልሱብናል። አለቃዬ ብሎኑን አጥብቀህ እሰር ይለኛል። ትክክል ነው?

መልስ፦ አለቃህን በአክብሮት ጠይቀው እንጂ ብሎኑን አታጥብቅ። የገንዳው አካል የተሠራበት ብረት ለስላሳ ነው፤ ሲጠብቅ ጆሮዎቹ ይታጠፋሉ፣ ያኔ በመሐሉ ክፍተት ስለሚፈጠር የበለጠ ያፈስሳል። ለማወቅ ከፈለግህ ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግተህ ገንዳውን በላዩ በቀስታ አሽከርክረው፤ የሚያበራው ጆሮው ብቻ ከሆነ ታጥፏል፣ ዙሪያው እኩል እስኪያበራ ድረስም በዚያው ይስተካከላል።

ካላማዳሪያው ለአየር እንጂ ለቤንዚን አልተሠራም። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከቦታው ይሾልካል። ይህን በዓይንህ እንድታየው አንድ ቁራጭ ካላማዳሪያ በወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ ቅረጽ፤ ከዚያ በጥቂት ቤንዚን ውስጥ አሳድረውና በማግስቱ በዚያው ሥዕል ላይ መልሰህ አስቀምጠው። ከመስመሩ አልፎ ታገኘዋለህ። ሲሊከንም እንዲሁ ያብጣል፤ ይባስ ብሎ ወደ ውስጥ የተረፈው ጠርዝ ተቆርሶ ጄት ይደፍናል፣ ያኔ የፍሳሽ ችግር ይዞ የመጣ ደንበኛ የመቋረጥ ችግር ጨምሮ ይሄዳል። ለገንዳ የሚሆነው ቤንዚን የሚችል ናይትሪል ጎማ ወይም የጓርኒሲዮን ወረቀት ነው። ወረቀቱን ገንዳው ላይ አድርገህ በመዶሻ ጀርባ ጠርዙን ቀስ እያልህ ብትቀጠቅጠው ልኩን ራሱ ያወጣል፤ አባቶቻችን መካኒኮች ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነውና ዛሬም የምመክርህ እርሱኑ ነው።

ሰልባትዮ ሲያፈስ በሳሙና ስለ መድፈን በደብዳቤህ ባትጠይቅም ልጨምርልህ። ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟ ዘዴው እውነት ይሠራል፤ ከባቲ ገበያ ወደ ኮምቦልቻ ለመመለስ ይበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን አይታመንም። ወደ ብየዳ ሲሄድ "ባዶ ነው" በሚል ቃል አትታለል። ከሞላው ይልቅ ባዶው ሰልባትዮ ይፈነዳል፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ የሚጠብቀው ብልጭታ ብቻ ነው። በሳሙና ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከሚበየደው ቦታ በታች ድረስ ውሃ ተሞልቶ ካልሆነ ማንም እሳት አያስጠጋበት፤ አንተም በአጠገቡ አትቁም።

ጥያቄ፦ ከወረኢሉ ነው የምጽፈው። ያማሃ ኤጂ 100 አለኝ። አይፈስም፣ በቀላሉ ይነሳል፤ ነገር ግን ከስምንት እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ነዳጅ እንዳለቀበት ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ቆሜ ሳስነሳው እንደገና ይሄዳል። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አጥበውልኛል።

መልስ፦ ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ አያሳጥቡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብዎ ወዲያው የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ። አየር ሲሳብ "ሽው" የሚል ድምፅ ከሰሙና ሞተሩ ሳይቆዩ ከተነሳ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ተደፍናለች። ቤንዚኑ ሲወርድ አየር ካልተካው ሰልባትዮው ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል፤ ቆመው ሲጠብቁ አየር በጥቂቱ ስለሚገባ ነው የሚነሳው። ክዳኑን ነቅለው በነጭ ጋዝ ይዘፍዝፉት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ያስነፉት፣ ከዚያ በአፍዎ ሲነፉት አየር እንደሚያልፍ ያረጋግጡ። ድምፁን ካልሰሙ ደግሞ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለው ሩቢኔቶውን በጠርሙስ ላይ ይክፈቱ፤ ቤንዚኑ መጀመሪያ በደንብ ወርዶ ቀስ በቀስ ከቀጠነ የሩቢኔቶው ወንፊት በዝገት ተይዟል።